ሰባት ኪሎና አንድ መቋሚያ

ቤታችን ሚዛን የገባው ዐርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው። አክስቴ ሸዋገነት ጎንደር አራዳ ካለ አንድ በርበሬ ነጋዴ ተውሳ፣ የሰረቀችው ይመስል በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው መጣች። መንጠቆ ያለው፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ መርፌው ሳይነኩት የሚንቀጠቀጥ የብረት ሚዛን ነው። እሷ ሳሎኑ መሀል ቆማ በሁለት እጇ ወደ ላይ አንጠልጥላ ያዘችው፤ እኔ ቦርሳዬን ሰቀልኩበት። መርፌው ሄዶ ሄዶ ዘጠኝ ከግማሽ ላይ ቆመ። አክስቴ፣ "ሸጋ ነው!" አለች፤ ለገበያ የምትመዝን መስሏት ከፍ ማለቱ አስደስቷታል። "ምኑ ነው ሸጋው እትየ? ሁለት ኪሎ ተኩል ትርፍ ነው እኮ!" አልኩና ቦርሳዬን አውርጄ ትርፍ ጫማዬን መልሼ አወጣሁ። አባቴ ጥጉ ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዩናል። እናቴ ይመኙሽ የጓዳው በር ላይ ቆማ እሳቸውን ታያለች። ከአራታችን ሁለታችን ስለ ሰባት ኪሎ እንጯጯሃለን፤ ሁለቱ ዝም ብለዋል።

የተፈቀደልን ሰባት ኪሎ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ቦርሳ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ከሰባት ኪሎ የማይበልጥ፣ ርዝመቱም ከሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር የማያልፍ። ይህን ያለው በቅርቡ ወደ ጎንደር መብረር የጀመረ አንድ ርካሽ አየር መንገድ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ለመጥራትም ሳያስከፍል አይቀርም። ውሃ ለመጠጣት ይከፈላል። መስኮት አጠገብ ለመቀመጥ ይከፈላል። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ለመቀመጥም ይከፈላል፤ አልከፈልንም፣ ስለዚህ እኔ አራተኛ ረድፍ፣ እሳቸው አሥራ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ተመደብን። ቲኬቱ አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው። ሻንጣ የሚያስጭነው ቲኬት በዚያው ሳምንት ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ነበር። አንድ ሰው ሃያ ሦስት ኪሎውን ጭኖ እንደ ጨዋ በሚሄድበት ዋጋ፣ ሁለት ሰው ካልሲውን እየመዘነ ይሄዳል ማለት ነው። እኔ የፈለግሁት ለአባቴ ብቻ አንድ ቲኬት ነበር። አዲስ አበባ ሲደርሱ የቀድሞ ተማሪያቸው ልዑልቃል በር ላይ ቆሞ ይቀበላቸዋል፤ እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? እሳቸው ግን፣ "ሁለት ቁረጪ" አሉ። "ምን ላደርግልዎ የኔታ? ሥራ አለብኝ እኮ" አልኩ። "ሁለት ቁረጪ አልኩሽ" አሉ። በእኛ ቤት ሁለት ጊዜ የተባለ ነገር ሦስተኛ የለውም።

የኔታ የምለው አባቴን ነው። መርጌታ ዕንባቆም በደብራችን ዜማ ያስተምራሉ፤ ከተማሪዎቻቸው ጋር ስላደግን እኛም ልጆቻቸው እንደ ተማሪዎቹ የኔታ እያልን ቀረን። ልዑልቃል ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነው። ከትክል ድንጋይ መጥቶ አሥራ ሁለት ዓመት እግራቸው ሥር ተምሮ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እሑድ ኮተቤ ባለ አንድ ደብር መርጌታ ሆኖ ይሾማል። የኔታ የሚሄዱት መቋሚያቸውን ሊሰጡት ነው። የወይራ እንጨት ነው፣ ራሱ የቀንድ፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ከመጨበጥ ብዛት ጎድጉዷል። ለየኔታ የሰጧቸው መምህራቸው ናቸው፤ ለመምህራቸው ደግሞ የእሳቸው መምህር። በእነሱ መስመር መምህሩ መቋሚያውን በገዛ እጁ፣ በጉባኤ ፊት፣ ቆሞ ነው ለተማሪው የሚያቀብለው፤ በሰው አይላክም። የኔታ ይህን ቀን ሲጠብቁ ሁለት ዓመት ሆናቸው። መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ በማኪና ይሂዱ የሚል ደፋር ቤታችን ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ አውሮፕላን፤ ስለዚህ ሰባት ኪሎ።

እኔ አራዳ ላይ ኮፒ ቤት አለኝ። ሳምንቱ ተፈታኞች ለቅጽና ለፎቶ ኮፒ እስከ አስፋልቱ የሚሰለፉበት ነው፤ በዓመት አንዴ የሚመጣ ሳምንት ነው። እስከ ማክሰኞ ዝግ ነው ብዬ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ቲኬት የማትም፣ ለሰው ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የማነብ ሴት፣ የራሴን ሳላነብ ማተሜ ነው። የአንጥረኛ ሚስት ጌጥ የላትም እንደሚሉት ነው።

አክስቴ ከአይከል የመጣችው እኛን ለመሸኘት ብቻ አልነበረም። ሚዛኑን መሬት አስቀምጣ ከነጠላዋ ሥር ሌላ ጥቅል አወጣች። ሦስት ኪሎ ሽሮ ነው፤ አዲስ አበባ ለሚሠራው ልጇ ለንብረት።

"ምነው እትየ! አዲስ አበባ ሽሮ ጠፋ?"

"ሽሮማ አለ። እሱ ሽሮ ነው እንዴ? ልጄ በደወለ ቁጥር ሆዴን ነፋኝ ነው የሚለኝ።"

"ሰባት ኪሎ ነው የተፈቀደው እያልኩሽ!"

"አንች ሰባት፣ አያ ዕንባቆም ሰባት፤ አሥራ አራት ነው። ከአሥራ አራት ኪሎ ለንብረት ሦስት ቢደርሰው ምን ይጎዳል?"

እምቢ ማለት እችል ነበር? አልችልም። እዚህ አገር ሰው ሲሄድ ዕቃ ይላካል፤ የተላከ ዕቃ አደራ ነው፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው። አየር መንገዱ ሰባት ኪሎ ብሎ ሲጽፍ አክስት የሚባል ፍጥረት መኖሩን አላሰበም። ሽሮውን ተቀበልኩ። ከዚያ ተቀምጬ ሳስብ አንድ መላ መጣልኝ። የሚመዘነው ቦርሳው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሰውን ማንም አይመዝንም። ስለዚህ ሁለት ቀሚስ ደርቤ ለበስኩ፣ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ስድስት ኪስ ያለው አሮጌ ጃኬቴን። ሽሮውን በስድስት ፌስታል ከፋፍዬ ስድስቱን ኪስ ሞላሁ። መስታወት ፊት ስቆም ለቅሶ ቤት ለማደር የተዘጋጀች ሴት መሰልኩ። ለየኔታም ካባቸውን አመጣሁላቸው፤ ጥልፉ ብቻ ሁለት ኪሎ ሳይሆን አይቀርም። "ይልበሱት፣ ከቦርሳው ይቀንስልናል" አልኩ። "ካባ የሚለበሰው ለማኅሌት ነው" አሉ። "ለዛሬ ብቻ የኔታ፣ ማን ያይዎታል?" "ለማኅሌት ነው አልኩሽ።" ሁለት ጊዜ ተባለ። ካባው ቦርሳ ውስጥ ቀረ፤ በምትኩ ሁለት ጋቢ ደረቡ፣ ዳዊታቸውንም ከነማኅደሩ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የእኔ ስድስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም፣ የእሳቸው ልክ ሰባት መጣ። ጸናጽሉን መዝነናል። ጥምጥሙን መዝነናል። እናቴ በብልቃጥ የሰጠችኝን የፀጉር ቅባት እንኳ መዝነን አስቀርተናል። መቋሚያው ዕቃ ነው ብሎ ያሰበ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ጉዞው ሁሉ ለእሱ ሆኖ ሳለ ማለቴ ነው። የየኔታን ክንድ መንጠቆው ላይ ሰቅለን እንመዝን ያለ ሰው እንደሌለ ሁሉ መቋሚያውንም ያለ አልነበረም። ሲያስተምሩ አጠገባቸው ነው፣ ሲሄዱ በእጃቸው ነው፣ ሲተኙ ራስጌያቸው ነው። እኛ ቤት የሚታየው እንደ አካል እንጂ እንደ ዕቃ አይደለም።

ውድነህ፣ የሰፈራችን ባለ ማኪና፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ዘጠኝ መቶ ብር ጠየቀን፤ ቤንዚን ሰልፍ አድሬበት ነው አለ። ለመነሳት ስንል እናቴ ከጓዳ መጥታ በየኔታ ብብት ሥር ገባች፤ ጋቢያቸውን የምታስተካክል መሰለኝ። ደጃችን ላይ ሦስት ደረጃ አለን። የኔታ በእያንዳንዱ ቆም እያሉ ወረዱ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበርና የሚጸልዩ መሰለኝ። ቸኩዬ ቦርሳዎቹን ማኪናው ላይ ስጭን እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ሰርኬ፣ እንዳታጣድፊያቸው" አለችኝ። "የሚያጣድፈው አውሮፕላኑ ነው እንጂ እኔ ነኝ?" ብዬ መለስኩላት። ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አባቴን አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የእኔ እናትና አባት አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚነጋገሩት፤ መሀል የገባ ሰው ምንም አይሰማም።

አዘዞ ስንደርስ ፀሐዩ ከሯል፣ እኔም በሁለት ቀሚስና በሦስት ኪሎ ሽሮ ውስጥ እየቀለጥኩ ነው። ውድነህን፣ እስክንገባ ቆይልን ብዬ ደጅ ትቼው ወደ መጀመሪያው ፍተሻ ሄድን። ጥበቃው ጃኬቴን ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። "ኪስሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አለ። "ሽሮ።" "ሁሉም?" "ሁሉም።" አንዱን ፌስታል ፈትቶ አሸተተ፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። "ለምን ቦርሳ ውስጥ አላደረግሽውም?" "ይመዘናላ!" አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ ጥበቃውም እየሳቀ አሳለፈኝ። የየኔታን ጸናጽል ደግሞ ማሽኑ አልወደደውም፤ አስወጥተው አንዴ ካንሿሹት በኋላ መለሱት። መቋሚያውን በማሽኑ አሳለፉት። የኔታ ባዶ እጃቸውን በብረት በሩ ሲያልፉ ጠርዙን ጨብጠው ቆሙ፤ "ማሽኑን አይንኩት አባቴ" አለና ጥበቃው ክንዳቸውን ይዞ አሳለፋቸው። ካህን ያከበረ መሰለኝ፤ ደግ ልጅ ነው አልኩ በሆዴ። በኋላ ሳስበው፣ የዚያን ቀን ያላየሁት ነገር ብዛቱ ያስገርመኛል።

የርካሹ አየር መንገድ ጠረጴዛ መጨረሻው ላይ ነው። አጠገቡ ሚዛን አለ፣ ከሚዛኑ ጎን ደግሞ ቦርሳ የሚለካበት የብረት ቁም ሳጥን የሚመስል ነገር። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ደረቷ ላይ ምሥራቅ የሚል ስም ለጥፋለች፤ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ አንገቷ ላይ ማዕተብ ያሰረች የጎንደር ልጅ። የእኔን ቦርሳ መዘነች፤ ስድስት ከዘጠኝ መቶ። የየኔታን መዘነች፤ ሰባት። ሁለቱም ብረቱ ውስጥ ገብተው ወጡ። ያን ጊዜ ደስ ያለኝን ያህል ኮፒ ቤቱን የከፈትኩ ዕለት እንኳ አላለኝም። የበርበሬ ነጋዴውን በልቤ መረቅሁት። ወረቀቶቻችንን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ልጅቱ በእስክሪብቶዋ ወደ የኔታ ጠቆመች።

"ይሄስ?"

"የቱ?"

"ዱላው።"

"ዱላ አይደለም፣ መቋሚያ ነው" አልኩ።

"መቋሚያ መሆኑንማ አውቃለሁ እህቴ። አያቴም ነበራቸው። ግን ከሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።"

ብረቱ ውስጥ እንደማይገባ ለማወቅ መሞከር አያስፈልግም ነበር፤ ቁመቱ እስከ የኔታ አገጭ ነው። "እሺ ስንት ልክፈል?" አልኩና ቦርሳዬን ከፈትኩ። በክፍያ አይሆንም አለች። ረጅም ዕቃ ከሃያ አራት ሰዓት በፊት ይመዘገባል፤ አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፤ ሳይመዘገብ የመጣ አይጫንም። ውሃ የሚያስከፍል፣ መስኮት የሚያስከፍል፣ አባትና ልጅ አለያይቶ ለማገናኘት የሚያስከፍል ድርጅት፣ አንዴ እንኳ ልክፈል ስለው ገንዘቤን እምቢ አለኝ! ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ጎንደር ላይ፣ በዚህ ሁሉ ደብር መሀል፣ መቋሚያ እንደ ረጅም ዕቃ የሚቆጠርበት ቀን መጣ ወይ አልኩ። በእኔ ጩኸት ሬዲዮ ያንጠለጠለ አለቃ መጣ። ነገሩን ሰማ፣ መቋሚያውን አየ፣ ለየኔታም ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ፣ "ደንብ ነው" አለ። "አባታችንን እናከብራለን፤ ግን ደንብ ነው። መግቢያው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል" ብሎ ሄደ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ።

ምሥራቅ አለቃዋ ዞር እስኪል ጠብቃ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። "እግራቸውን ያማቸዋል በዪ" አለች ቀስ ብላ። "ለመራመጃ የሚይዙት ከሆነ ይፈቀዳል። ቅጽ እሞላልሻለሁ። እሳቸው ብቻ አዎን ይበሉ።" እግዜር ይስጥሽ ብዬ ወደ የኔታ ዞርኩ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ በመቋሚያው ተደግፈው ቆመዋል፤ በሁለት ጋቢ ውስጥ ላባቸው ግንባራቸው ላይ ይወርዳል። "የኔታ፣ እግሬን ያመኛል ይበሉ" አልኳቸው። "ትንሽ ካነከሱም ጥሩ ነው።"

ፊታቸው ጠቆረ። "ምን በል ነው የምትዪኝ?"

"ያመኛል ይበሉ። በቃ፣ አንድ ቃል ነው።"

"አልልም።"

"የኔታ፣ መቋሚያው ይቀራል እኮ!"

"ሰው በተሰለፈበት እግር የለኝም ብዬ ልናገር? አልልም አልኩሽ።"

ሁለት ጊዜ ተባለ። ሐሰት አልናገርም ማለታቸው መሰለኝ። ያ ግትርነታቸው፣ ያ ስልሳ ዓመት ሙሉ ያልታጠፈ አንገታቸው አንድ ላይ መጥቶ ደሜን አፈላው። ያኔ ያልኩትን ሁሉ ብጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ብያለሁና ልጻፈው። ሥራዬን ዘግቼ መጣሁ አልኩ። ካባ ይልበሱ ስልዎ እምቢ፣ አንድ ቃል ይናገሩ ስልዎ እምቢ አልኩ። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የእርስዎ "ሁለት ቁረጪ" ነው፤ ብቻዎን ቢሄዱ ኖሮ ሻንጣ ባለበት ቲኬት መቋሚያውንም፣ ሽሮውንም፣ ሁሉንም ይዘው በክብር ይሄዱ ነበር፤ ለምን እንደምከተልዎ እንኳ አልነገሩኝም አልኩ። ሰልፉ ሁሉ ይሰማኛል። "አሁን ይስጡኝ" አልኩ። "ውድነህ ደጅ ነው፤ ቤት ይውሰደው። ልዑልቃል በቃል ይመረቃል። ቢያንስ ቲኬቱ አይቃጠል።" መቋሚያውን ያዝኩና ወደ እኔ ሳብኩ። የኔታ አልለቀቁም። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከፈቱና ለቀቁልኝ።

መቋሚያውን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። በመስታወቱ ውጭ ውድነህ ማኪናውን ተደግፎ ስልኩን ሲነካካ አየዋለሁ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ ከኋላዬ የምሥራቅን ድምፅ ሰማሁ። "አባቴ፣ ይለፉ፣ ጨርሰዋል" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "አባቴ? በዚህ በኩል ነው" አለች። ከሰልፉ አንድ ሰውዬ፣ "ኧረ ሰዓት ሄደ፣ ይለፉልን አባት!" አለ። ዞርኩ።

የኔታ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። አንዱ ጋቢ ከትከሻቸው ወድቆ መሬት ላይ ነው፤ ሊያነሱት አልሞከሩም። ከጋቢው በታች ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ቀኝ እግራቸውን ሊያነሱ ሞከሩ፤ ጫማው መሬቱን ፋቀ እንጂ አልተነሳም። ፊታቸውን ከሰልፉ አዙረው ግድግዳውን ያያሉ። ማንም አልነካቸውም፤ ለምን እንዳልሄዱ የገባው ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በቀር። ለእኔም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እናቴ ብብታቸው ሥር የገባችው፣ ሦስቱ ደረጃ፣ የብረት በሩ፣ ያ ደግ ያልኩት ጥበቃ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። አባቴን ያለ መቋሚያ ቆመው ያየኋቸው መቼ ነበር? አላስታውስም። ስድስት ፌስታል ሽሮ ጎኔን እየደበደበኝ ሮጥኩ።

"አምጪው ልጄ" አሉኝ ስደርስ። አልተቆጡም። መቋሚያውን እጃቸው ውስጥ አደረግሁላቸው፤ በሌላው ጎን እኔ ገባሁ። ክብደታቸው ትከሻዬ ላይ ሲመጣ ጠዋት የመዘንነው ሁሉ ቀልድ ሆነብኝ። አፈርኩ። በእኛ ቤት ይቅርታ በአፍ አይባልም። ምሥራቅ ከጠረጴዛዋ ወጥታ ጋቢውን አነሳችላቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ፣ ምክንያት የሚለው ሣጥን ላይ ስትደርስ፣ ምን ብላ እንደምትጽፍ ቸግሯት አየችኝ። የኔታ ቀድመው ተናገሩ። ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

"እግሬ አይሸከመኝም ብለሽ ጻፊ።"

ጻፈች። ቢጫ ወረቀት መቋሚያው አንገት ላይ አሰረችበት፤ የመራመጃ ድጋፍ፣ ክፍያ የለውም ይላል። በዚያ አየር መንገድ ነፃ ያገኘነው ነገር እሱ ብቻ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር አስመጣች፤ የኔታን እኔና አንድ ሠራተኛ ደግፈን አስቀመጥናቸው። አለቃውም መጥቶ አየና ሳይናገር የመቀመጫ ቁጥራችንን አስለወጠልን፤ ያለ ክፍያ ጎን ለጎን ሆንን። ለውድነህ ደውዬ ሂድ አልኩት፤ "ምነው ድምፅሽ?" አለኝ፤ ጉንፋን ነው አልኩት።

መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን መስኮቱ ጥግ አቆምኩና ከጎናቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጃኬቴን አወለቅሁ። ሹራቤ በሽሮ ቢጫ ሆኗል፤ አንዱ ፌስታል ስሮጥ ፈንድቷል። ሁለታችንም ሜዳው ላይ የቆመችውን ትንሽ አውሮፕላን እናይ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው። ካቻምና ከፍልሰታ ወዲህ ነው አሉ። እናቴ ታውቃለች ወይ ስላቸው፣ "ጠዋት ጠዋት ማን የሚያስነሳኝ ይመስልሻል?" አሉ። ደብሩ ግን እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማሉ፣ የቀኙን ወገን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፣ መቶ ሰው ያያቸዋል። ይህን ስጠይቃቸው ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

"ማኅሌት ላይ ማን ቀጥ ብሎ ይቆማል?" አሉ። "ሁሉም ተደግፎ ነው። ወጣቱም ተደግፎ፣ ሽማግሌውም ተደግፎ። ለደካማ ሰው ከዚያ የተሻለ መደበቂያ የለም። እግር የሚያስነሳው ወረብ ሲመጣ ለልጆቹ እተዋለሁ፣ እኔ አንገቴን እወዘውዛለሁ። ትሕትና ነው ይሉኛል።"

የበረራችን ቁጥር ተጠራ፤ ሰው ቦርሳውን እያንጠለጠለ ተነሳ። የኔታ መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጎድጓዳ ቦታውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ቢጫው ወረቀት ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየኝ። እሑድ ይህ እንጨት ከእጃቸው ይወጣል።

"የኔታ" አልኩ።

"ወይ።"

"እሑድ ለልዑልቃል ቆመው ነው አይደል የሚያቀብሉት?"

"ቆሜ ነው። እኔም የተቀበልኩት እንዲያ ነው።"

"መቋሚያውን ሲሰጡት ታዲያ፣ እርስዎ ምን ተደግፈው ሊቆሙ ነው?"

ዞረው አዩኝ፤ አንድ ቀላል ፊደል አሥር ጊዜ ነግረውት ያልገባውን ተማሪ የሚያዩበት አስተያየት ነው።

"ሁለት ቁረጪ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ?" አሉኝ።